ባንቲሁን ያልተናገረው መርዶ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ወሬ ከሰው ቀድሞ ይነሣል። ማን ከማን ጋር እንደ ታረቀ፣ የማን ተሳቢ ጋላፊ ኬላ ላይ እንደ ቆመ፣ የትኛዋ ልጅ አሠሪዋን ጥላ እንደ ወጣች፣ ፀሐይ ሳትበረታ እትዬ በለጡ ፉል ቤት ደርሶ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ባንቲሁን ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ አንዱንም አይፈልግም ነበር። የእሱ ወሬ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ፉሉ እስኪቀርብለት ስልኩን ይከፍትና የትኛው የኮምፒውተር ኩባንያ የትኛውን እንደ ዋጠ፣ የትኛው ምን ያህል ሰው እንዳባረረ ያነባል። አንብቦም ዝም ብሎ አይበላም፤ ይተክዛል።

ሹፌሮቹ ጠባዩን ለምደውታል። ፊቱ ከጠቆረ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብህ፣ ኢንጂነር?» ይሉታል። ኢንጂነር የሚሉት ለማሾፍ ነው እንጂ ፕሮግራም መጻፍ የተማረው በዩቲዩብ መሆኑን ራሱ አውርቶላቸዋል። እትዬ በለጡ ደግሞ «ባሕር ማዶ ኩባንያ ሠራተኛ ሲቀንስ ባንቲሁን ቁርሱን ይቀንሳል» ይሉና፣ የተረፈውን ፉል ከድነው ለምሳው ያቆዩለታል።

አንድ ጊዜማ ሲገለገልበት የኖረ ነጻ ፕሮግራም ሊዘጋ ነው የሚል ዜና አንብቦ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ይህን ጊዜ ዘሩ የሚባለው ሹፌር ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ፣ በሰሐን ሳምቡሳ ተሸክሞ ገባ። ከኋላው ሌሎቹ ሹፌሮች በወግ ተሰልፈዋል። «እግዚአብሔር ያጥናህ፤ ልጅ እግር ነበር» ብሎ እዝኑን አቀረበ። ፉል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባንቲሁንም ሳይወድ ሳቀ፤ ሳምቡሳውን ግን አብዛኛውን የበላው ዘሩ ራሱ ነበር።

ባንቲሁን የሚሠራው ቡላኦስ ሰፈር፣ ሙጠሊብ የሚባል ሰው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ሙጠሊብ የጅቡቲ ሰው ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛ ያውቃል፤ በተለይ ስድቡን ከእኛ ይልቅ አቀላጥፎ ያውቃል። ባንቲሁን ለዚህ ቢሮ የሠራው ፕሮግራም «ደርሻለሁ» ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። ሹፌሮቹ በየመቆሚያቸው ስልካቸውን አፋቸው ላይ ደቅነው ያወራሉ። ስለ ጎማው፣ ስለ ጉምሩኩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ከፊት ስላለውና ከኋላ ስለቀረው ጓደኛ፣ ሚሌ ላይ ስላለችው ወዳጅ ሳይቀር ያወራሉ። ባንቲሁን ይህን ሁሉ ይሰማል፤ የጭነቱን ለቢሮው ይጽፋል፤ ለቤተሰብ የሚሆነውን ደግሞ በራሱ ድምፅ አሳጥሮ ይልካል። ሴቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ነው በድምፅ የሚልክላቸው። ታዲያ ሲልክ ያበጥራል። ሹፌሩ «ወገቤ ተቆረጠ፣ ይህች መኪና ትገድለኛለች» ያለውን «ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞታል» ይለዋል። የሚሌዋን ወዳጅ ከነስሟ መንገድ ላይ ይጥላታል። በዚህ ወንፊቱ ያዳነውን ትዳር ሹፌሮቹ ናቸው የሚያውቁት።

ከተቀባዮቹ አንዷ ትርንጎ ናት፤ የዘሩ ታላቅ እህት። ኤሮን ሰፈር የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ዘሩን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ወደ ጅቡቲ የጠራችውም፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣችውም እሷ ናት። ወሬኞች «ባንቲሁን ለትርንጎ የሚልከው መልእክት ከሌላው ሰው ረዘም ይላል» ይሉ ነበር። ለክቶ ያየ ሰው የለም፤ እሱም አላስተባበለም።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ሙጠሊብ ከሬዲዮ በሰማው ወሬ ነው። አንድ ቀን ቢሮ ሲገባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ዋርያ ባንቲ፣ ከእንግዲህ ፕሮግራም የሚጽፈው ማሽን ነው ይላሉ። አንተን ታዲያ ምን ላድርግህ?» አለው። ብሎም ሳቀ። ባንቲሁን ግን አልሳቀም። የሰው አገር ሠራተኛ ተባረረ ሲባል ቁርስ የሚያንሰው ሰው፣ የራሱ ወንበር ስትነቃነቅ ምን እንደሚሆን መገመት ነው። ከዚያ ወዲያ ዜናውን የሚያነበው እንደ ተከሳሽ ነበር፤ ፍርዱ ዛሬ ይሆን ነገ እያለ።

በዚህ መካከል አንድ ጠዋት ፉሉን ገፍቶ ተነሣ። አንድ የውጭ ኩባንያ ማሽኑ አማርኛ መስማትም መናገርም ጀምሯል ብሎ አስታውቆ ነበር። ባንቲሁን ዜናውን ቆሞ ለሹፌሮቹ አነበበላቸው።

ዘሩ እንጀራውን እንደ ጎረሰ «ስድብ ይገባዋል?» ሲል ጠየቀ።

«ሁሉም ይገባዋል።»

«በል እንግዲያው ሰው ነው» አለ ዘሩ፤ ሁሉም ሳቁ።

ያን ዕለት ባንቲሁን፣ ሰው ሳይቀድመው ማሽኑን «ደርሻለሁ» ላይ ሊገጥመው ወሰነ። ሙጠሊብ ከሌላ አፍ ሰምቶ ከሚመጣበት እሱ ራሱ አምጥቶ ቢያሳየው ወንበሩ ትጸናለች ብሎ አሰበ። ማሽኑ የሰው ድምፅ መቅዳትም ይችላል፤ ለዚህም የተሰጠውን ዓረፍተ ነገር እያነበበ ድምፁን ቀዳለት። ደስ ብሎት ነበርና ሲያነብ እየሳቀ ነው ያነበበው። ማሽኑም ድምፁን ከነደስታው ወሰደው። በመጨረሻ ትእዛዙን ጻፈ፦ ስለ ሹፌሩ ከማንም የሰማኸውን ሁሉ ለቤተሰቡ በአጭሩ፣ በግልጹ ንገር፤ ስትጀምር ጤና ይስጥልኝ በል፤ ስትጨርስ መልካም ቀን በል። የሚሌዋን ወዳጅ እንዳይናገር ሳይቀር አስጠነቀቀው። በዚህ በኩል ዘዴኛ ሰው ነው።

መርዶ እንዳይናገር ግን አልነገረውም። ማንስ ይህን ለማን ነግሮ ያውቃል? ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ እንደማይነገር፣ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ እንደሚቆይ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ፣ ደግፎና ይዞ እንደሚያረዳ የእኛ ሰው ተቀምጦ አይማረውም፤ ከጡት ጋር ይጠባዋል። ማሽኑ ግን ጡት አልጠባም። ባንቲሁን ይህን አላሰበም፤ እሱ ብቻ ሳይሆን በዚያ ፉል ቤት ከተቀመጡት አንድም ሰው አላሰበው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሠርግ መሰሉ። መልእክቱ ሹፌሩ አውርቶ ሳይጨርስ ይደርሳል። እናቶች መረቁት። ሙጠሊብ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የኔ ፕሮግራም» እያለ ያሳያል። ትርንጎ ደግሞ ዓርብ ዕለት እትዬ በለጡ ቤት አግኝታው «ባንቲ፣ ሰሞኑን ምን በልተህ ነው እንዲህ ደስ ያለህ?» ብላ ጠየቀችው። የማሽኑ ድምፅ መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን ደስ እንዳላት አየና ተወው። ያኔውኑ ማሽን ነው ቢላት ምናልባት ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር።

ዘሩ የሞተው ከዲኪል ከተማ አለፍ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ፍሬን እምቢ አለው ይላሉ፤ እንቅልፍ ነው የሚልም አለ። ከኋላው ይነዳ የነበረው ከይረዲን የሚባል ጓደኛው ነው። ከይረዲን ዘግይቶ ሲደርስ ጀንዳርሞቹ፣ የአገሩ ፖሊሶች፣ ቀድመውት ነበር፤ መኪናውን አቁሞ፣ እያለቀሰ ለቢሮው በድምፅ ተናገረ። ቀጥሎ ለጋሽ አለምሰገድ ደወለ። ጋሽ አለምሰገድ በዚህ መስመር ላይ ያረጁ ሹፌር ናቸው፤ ጅቡቲ ውስጥ ለሚሞት የእኛ ሰው ሁሉ መርዶውን የሚያደራጁ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ አለምሰገድ ለባንቲሁን የደወሉለት ጫት ወደ ከተማው በሚገባበት የቀትር ሰዓት ላይ፣ መንገዱ በጥሩምባ ሲናወጥ ነው። ባንቲሁን አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ሰማ። ዘሩ ማለፉን፣ ሬሳው ዲኪል ሆስፒታል መሆኑን፣ ትርንጎ እስከ ነገ ጎሕ ምንም እንዳትሰማ ነገሩት። ብትደውል ስልኩ ተበላሽቷል በላት አሉት። አሠሪዋን አስፈቅደው ወደ እትዬ በለጡ ቤት የሚያመጧት እሳቸው፣ እትዬ በለጡና እሱ መሆናቸውንም ነገሩት። ባንቲሁን ሁሉን እሺ አለ። ስልኩን ዘግቶ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ልቡ ዘሩ ዘንድ ነበር፤ በሰሐኑ ሳምቡሳ፣ በፎጣው፣ በሳቁ። ማሽኑ በዚያች ደቂቃ ምን እየሠራ እንደሆነ ትዝ አላለውም።

ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ነበር።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሦስቱ ኤሮን ሰፈር ደረሱ። እትዬ በለጡ ውሃ በጀሪካን፣ ነጠላ በክንዳቸው ይዘዋል። ጋሽ አለምሰገድ በር ላይ ቆመው ነገሩን ከየት እንደሚጀምሩት ከራሳቸው ጋር ይማከሩ ነበር። ደወሉን ሳይነኩት በሩ ተከፈተ። ትርንጎ ናት። ግንባሯ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ጋሼ፣ ዘግይታችኋል» አለች። «ባንቲ ትናንት ነግሮኛል።»

ጋሽ አለምሰገድና እትዬ በለጡ ዞረው አዩት።  ባንቲሁን አላውቅም ሊል፣ አልነገርኳትም ሊል ፈለገ፤ ግን በዚያው ቅጽበት ገባው። የበሩን ብረት ያዘ። እትዬ በለጡ ትርንጎን በነጠላቸው አቀፏት። እሷ ግን እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች እንጂ አላለቀሰችም።

ምን እንደሆነ በኋላ ከአሠሪዋ ሰሙ። ትርንጎ ልብስ ስትተኩስ ነው መልእክቱ የገባው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት ነው። አሠሪዋ በካውያ የተቃጠለች መስሏት እየሮጠች ስትመጣ ትርንጎ ከግድግዳው ጋር ግንባሯን ታጋጫለች። ፈረንሳይኛዋ የኩሽና ፈረንሳይኛ ነው፤ «ሞን ፍሬር፣ ሞን ፍሬር» ከማለት በቀር፣ ወንድሜ ከማለት በቀር፣ የሚቀጥለውን ቃል አታውቀውም። አሠሪዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፕላስተር ለጠፈችላት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ወሰደች። ትርንጎ ያን ቀን በሙሉ የሚይዛት እጅ ሳታገኝ ብቻዋን ዋለች፤ ብቻዋን አደረች።

ባንቲሁን ቡላኦስ ሄዶ መልእክቱን ከፈተው። የራሱ ድምፅ ነው፤ ደስተኛው ድምፅ። «ጤና ይስጥልኝ ትርንጎ። ወንድምሽ ዘሩ ከዲኪል አለፍ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሕይወቱ አልፏል። ሬሳውን ጀንዳርሞች አንሥተዋል። ጭነቱ ብዙ አልተጎዳም። መልካም ቀን።»

ደግሞ አልሰማውም። አንዴ በቃው። ማሽኑን ከፕሮግራሙ ነቅሎ ጣለው፤ የተቀዳ ድምፁንም አጠፋው። ሙጠሊብ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ተቆጣ፤ እንግዳ ሊያሳይ ነበርና።

«የሞተውን ሰው ሞተ አለ። ዋሸ እንዴ?» አለው።

ባንቲሁን አልዋሸም አለ። ሙጠሊብ ግራ ገባው። በእነሱ ወግ ሞት ቶሎ ይነገራል፣ ቶሎ ይቀበራል፤ ማዘግየቱ ነው ነውሩ። የባንቲሁንን ፊት ሲያየው ግን ቁጣው ወረደ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሂድ፣ ለቅሶህን ድረስ» ብቻ አለው።

ለቅሶው የተቀመጠው እትዬ በለጡ ግቢ ነው። ፉል ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰሌኑ ተነጥፏል፤ የቆመው ቬንቲላተር ሙቅ ነፋስ ያማታል። ባንቲሁን በር ላይ ሲደርስ ሹፌሮቹ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ያውቀዋል፤ ነገሩ ከእሱ ቀድሞ ገብቷል። ወሬው በአንድ ጠዋት እግር አውጥቶ፣ ባንቲሁን እየሳቀ አረዳት፣ ያረዳት ስለ ጭነቱ ተጨንቆ ነው፣ እስከሚል ደርሶ ነበር።

ጋሽ አለምሰገድ ወደ ውጭ ጎተት አደረጉትና ከግንቡ ጥላ ሥር አቆሙት። ባንቲሁን ሁሉን ነገራቸው፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ትእዛዙ። ሽማግሌው በቀራቸው ጥርስ መፋቂያ እያላመጡ ሰሙት። ግማሹ ገባቸው፣ ግማሹ አልገባቸውም፤ እሱ እንዳልተናገረ ግን አመኑት።

«አሁን ገብቼ እነግራታለሁ» አለ ባንቲሁን። «እኔ እንዳልሆንኩ ትወቅ።»

«ብትነግራት አንተ ትድናለህ» አሉት። «እሷስ?»

ባንቲሁን ወደ በሩ ሊራመድ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ስማ ልጄ። መርዶ ነጋሪ ይጠላል፤ እኔ ሰው ሲጠላኝ ነው ያረጀሁት። ግን የሚጠላ ሰው ማግኘትም አንድ ነገር ነው። የእናቷን ልጅ ሞት የነገራት ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው ብትላት፣ በማን ላይ ታለቅሳለች? ነገ ሬሳውን ይዛ አገሯ ልትገባ ነው። እዚያ ማን አረዳሽ ይሏታል። ምን ትበል?»

ባንቲሁን መሬት መሬት አየ። ማሽን ነው ቢል ሹፌሮቹ ነገ ፉል ላይ ይቅር ይሉታል፤ ስሙ ይጸዳል። እኔ ነኝ ካለ ደግሞ ትርንጎ በሕይወቷ ሙሉ በዚያ በሚስቅ ድምፅ ነው የምታስበው። ሽማግሌው አላስገደዱትም። ትከሻውን መታ አድርገው ገቡ። እሱ ጥቂት ቆየና ተከተላቸው።

ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እስካሁን እንባ አልወጣትም፤ ሴቶቹን ያስፈራቸው እሱ ነበር። ባንቲሁን ፊቷ ሄዶ ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አነጋገሬ የሰው አልነበረም። ይቅር በይኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቱ ላይ ያን ሳቅ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

«ለምን መልካም ቀን አልከኝ?»

 «ልሳኔ ተሳስሮብኝ ነው» አለ።

«እንግዲያው አሁን ንገረኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። እንደ ሰው ንገረኝ።»

ባንቲሁን ከቢሮው ሳይወጣ የሹፌሮቹን ድምፅ በሙሉ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ነበር የመጣው። ስለዚህ ነገራት። ዘሩ ጠዋት ዲኪል ላይ ሻይ ጠጥቶ እንደ ነበር፣ ከይረዲንን «ኤሊ፣ ዛሬም ከኋላ ነህ» ብሎ ሰድቦ ቀድሞት እንደ ወጣ፣ ለዓርብ ተመልሶ እህቱን ባሕሩ ዳር ሊያናፍስ እንደሚፈልግ ለጓደኞቹ ማውራቱን ነገራት። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። አልቀጠለም፤ መቀጠልም አላስፈለገውም። ትርንጎ «ወንድም ዓለሜ» ብላ ወደ ፊት ተደፋች። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዟት። ግቢው በአንድ ድምፅ አለቀሰ፤ ጎረቤት ያሉት ሶማሌዎች ሳይቀሩ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

እንባዋ ሲበርድ ቀና አለች። ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልትጠይቀው ፈለገች።

«ዓይኑን ማን ገጠመለት?»

ባንቲሁን አያውቅም። በየትኛውም ድምፅ ውስጥ አልሰማውም። «ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ወጣ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከግንቡ ሥር ቆሞ ወደ ከይረዲን ደወለ። ከይረዲን አሁንም ዲኪል ነው፤ የሬሳውን ወረቀት ያስጨርሳል። ባንቲሁን ጥያቄውን አቀረበለት።  ከይረዲን ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪደርስ ጀንዳርሞቹ ሸፍነውት ነበር። ለመነ፤ አላስጠጉትም። ማን እንደ ገጠመለት፣ መገጠሙንም አያውቅም።

«ከይረዲን» አለ ባንቲሁን፤ «አንተ ነህ የገጠምክለት።»

«እኔ?» አለ ከይረዲን።

«በእጅህ ነው የገጠምክለት። ነገ ስትመጣ ትጠይቅሃለች።»

«እሺ» አለ ከይረዲን። «እሺ፣ እኔ ነኝ።»

ባንቲሁን ስልኩን ኪሱ ከቶ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ተመልሶ ገባና ትርንጎ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ነገራት።